የሐሮማያን ዓሣ ከሐይቁ ዳር ገዝቶ ሐረር ላይ ማብሰል

ጥቅምት ሲጋመስ የሐረር ንጋት ጋቢ ያስደርባል። እኔም በዚያ ሰሞን በሳምንት አንድ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ ክዳን ያለው ባልዲዬን አንጠልጥዬ ከሸዋ በር አካባቢ ሚኒባስ እይዛለሁ። ባልዲው ውስጥ ሁለት ሃይላንድ ውሃ አለ፤ ፍሪዘር ውስጥ አድሮ ድንጋይ የሆነ። ከላይ አንድ ንጹሕ ማዳበሪያ ጣል አደርግበታለሁ። ረዳቱ ለምዶኛል፤ "እናቴ፣ ዛሬም ለዓሣ ነው?" ይለኝና ባልዲውን ከኋላ ወንበር ሥር ይሸጉጥልኛል። አወዳይ ስንደርስ የጫቱ ገበያ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ይመስላል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ጸጥ ይላል። ሐሮማያ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነች ገና ሰማዩ ሲገላለጥ ሐይቁ ዳር እገኛለሁ።

ሰው ቤቴ መጥቶ ሲበላ "ያንቺ ዓሣ ጭቃ ጭቃ አይልም፣ ምን ጨምረሽበት ነው?" ይለኛል። ምንም አልጨመርኩበትም። ሥራው ግማሹ የሚያልቀው ሐይቁ ዳር ነው፤ ከቀረው ውስጥ ደግሞ ብዙው ቢላ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው እኔ በሦስት ዓመት ስሳሳት የተማርኩትን ሌላው ሰው ከመጀመሪያው ቀን እንዲያውቀው ብዬ ነው።

ልጅ ሆኜ ቦታው ዓለማያ ነበር የሚባለው። የሐረር ከተማ የቧንቧ ውሃም ይመጣ የነበረው ከዚያው ሐይቅ ነው፤ ዓሣውንም ውሃውንም ከአንድ ቦታ ነበር የምናገኘው። አባቴ ለሥራ ወደዚያ በወጣ ቁጥር ቆሮሶ ከሚባለው ዓሣ ሁለት ሦስት በሰንበሌጥ ሸምቅቆ ይዞ ይመጣል። ሥጋውን ለእኛ ለልጆች ይከፋፍልና ጭንቅላቱን ለእናቴ ያስቀምጥላት ነበር። የዓሣ ጉንጭ እንደሚጣፍጥ ሰው አያውቅም ትል ነበር፤ እኛ ደግሞ ምስኪን እናታችን አጥንት ደረሳት ብለን እናዝንላት ነበር።

ከዚያ ሐይቁ ሸሸ። ከአራቱም ማዕዘን ሞተር ተተክሎ ለጫቱና ለአትክልቱ ተቀዳ፤ ለከተማው ተሳበ፤ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለል ወለሉን ሞላው። 1990ዎቹ ሳያልቁ ደርቆ አለቀ። አንድ ቀን በሚኒባስ ሳልፍ ጀልባ ይሄድበት በነበረው ቦታ ላይ ከብት ሲግጥ አየሁ፤ መኪናው ውስጥ የነበርን ሰዎች ሁላችንም ወደ መስኮቱ ዞረን ዝም አልን። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ እንደዚያ ቆይቶ፣ ዝናቡ ደጋግሞ ሲጥልና ተፋሰሱ ላይ እርከን ሲሠራ ውሃው ተመለሰ። ዓሣም ተመለሰ። እኔ ስለ ዓሣ አገዛዝ ስናገር ትንሽ የምጠነክረው ለዚህ ነው፤ ይህ ሐይቅ ሲሞት በዓይኔ አይቻለሁ።

ወደ ገበያው ልመለስ። መጀመሪያ ላይ እንደ ብዙው ሰው ከተማ ውስጥ ፊሌቶ፣ ማለትም አጥንቱ የወጣለት ሥጋ፣ እገዛ ነበር። አንድ የጾመ ነቢያት ዓርብ ከአንድ ሱቅ አንድ ኪሎ ገዝቼ ገባሁ። በረዶ ሆኖ ስለነበር ምንም ሽታ አልነበረውም። ቤት ሲቀልጥ ግን ሥጋው በጣቴ ስነካው እንደ ራሰ ዳቦ ተፈረካከሰ፤ ከሥሩ ግራጫ ውሃ ወጣ፤ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ማድ ቤቱን ሞላው። መብራት ሲሄድ ቀልጦ ሲመጣ የረጋ፣ ምናልባትም ደጋግሞ የረጋ ዓሣ ነበር። እንግዳ ጠርቼ ስለነበር በችኮላ ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩ። ከዚያ ወዲህ ጭንቅላቱን ያላየሁትን ዓሣ አልገዛም።

የዋጋውንም ነገር አንድ ጊዜ አስሉት። አንድ ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ ቅርፊቱ፣ ጭንቅላቱ፣ ሆድ ዕቃውና አጥንቱ ሲወጣ የሚተርፈው ንጹሕ ሥጋ ከሲሶው ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ ፊሌቶ የሙሉውን ዓሣ ሦስት እጥፍ ቢጠራባችሁ ሻጩ አልዘረፋችሁም፣ ዋጋው ያው ነው። ልዩነቱ ሙሉውን የገዛ ሰው ጭንቅላቱና አጥንቱ በእጁ ይቀራል፤ ከዚያ ሌላ አንድ ቀን የሚበላ ሾርባ ይወጣል።

ዓሣ የምገዛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ለምን? በክረምት ጎርፉ ቀዩን አፈር ይዞ ስለሚገባ ውሃው ሻይ በወተት ይመስላል። መስቀል ካለፈ በኋላ እየጠራ ይሄዳል። በጋው ገፍቶ ሐይቁ ሲያንስና ሲሞቅ ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል፤ ያ አረንጓዴ ነገር በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕይወታት ናቸው፣ ሰዎች "ጭቃ ጭቃ አለኝ" የሚሉትም ጣዕም የሚመጣው በብዛት ከእነሱ ነው። ዓሣው በቆዳው፣ በስንጥቡ (በመተንፈሻው) እና በስቡ ይይዘዋል። በብርዱ ወራት ውሃው ቀዝቃዛና ጠራ ያለ ስለሆነ ሥጋው ጥብቅ፣ ጣዕሙ ንጹሕ ይሆናል። ሌላው ጥቅም ለእኛ ለገዢዎች ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ሐሮማያ ላይ እጅ ይቆረጥማል፤ ከመረብ የወጣ ዓሣ እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ሳይጎዳ ይቆያል። በሚያዝያ ያው ዓሣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለሰልሳል።

በዚያው ሰሞን ጾመ ነቢያት ስለሚገባ ፈላጊው ይበዛል፣ ዋጋውም ይወደዳል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤቱ ትቼዋለሁ፤ በእኛ ቤት እንኳ እኔ እበላለሁ፣ እናቴ አትበላም። ርካሹን ጊዜ የሚፈልግ ሰው ግን ከኅዳር 15 በፊት ያሉትን ሳምንታት ይጠቀም።

ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆቹ ልጆች ጀልባቸውን ወደ ሸምበቆው ጥግ አስጠግተው መረቡን ያራግፋሉ። "ቁርጡሚ! ቁርጡሚ!" (በኦሮምኛ ዓሣ ማለት ነው) የሚለው ጥሪ ከሩቅ ይሰማል። ሁለት ዓይነት ዓሣ ነው የማገኘው። አንዱ ቆሮሶ ነው፤ ጠፍጣፋ፣ ቅርፊት ያለው፣ ጀርባው ላይ እንደ ማበጠሪያ የቆመ እሾህ ያለው። ሌላው አምባዛ ነው፤ ጥቁር፣ ልሙጥ፣ ጢም ያለው። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ብዙ የኦርቶዶክስ ቤቶች አያስገቡትም፤ የሚበላ ሰው ግን አይናቀው፣ ሥጋው ወፍራም፣ እሾሁ ጥቂት ነው፣ ለጉላሽ ይመቻል። እኔ የምገዛው ቆሮሶ ነው፤ ከዚህ በታች የምለውም ስለ እሱ ነው።

ስመርጥ መጀመሪያ አላነሳውም፣ አየዋለሁ። ዓይኑ ወደ ውጭ ያበጠና ጥቁሩ የጠራ መሆን አለበት፤ ወደ ውስጥ የገባና ወተት የለበሰ ከሆነ የትናንት ነው። ቀጥሎ የጉንጩን ክዳን በአውራ ጣቴ ከፍ አድርጌ ስንጥቡን አያለሁ። ትኩስ ከሆነ የበግ ጉበት ሲቆረጥ እንዳለው ቀይ ነው። ሮዝ ከሆነ እጠራጠራለሁ፤ ቡናማ ከሆነ እመልሳለሁ። አንዳንድ ሻጭ ውሃ ይረጭበትና ያብለጨልጨዋል፤ ውሃ ግን ቆዳውን እንጂ ስንጥቡን አያድሰውም። ከዚያ ሆዱን በጣቴ ጫን አደርጋለሁ፤ ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ እወስደዋለሁ። መጨረሻ አሸተዋለሁ። ትኩስ ዓሣ ዓሣ ዓሣ አይሸትም፤ የሐይቅ ውሃና የእርጥብ ሣር ሽታ ነው ያለው።

መጠኑ ላይ አልደራደርም። ከስንዝሬ የሚያንስ ዓሣ ቢመርቁልኝም አልቀበልም። ትንሹ እሾህ ብቻ ነው፣ ከዚያም በላይ ገና አልወለደም። ገዢ ከሌለው ልጆቹም የመረባቸውን ቀዳዳ ያሰፋሉ እንጂ እኛ እየገዛን "ትንሹን አትያዙ" ብንላቸው ማን ይሰማናል? በአገራችን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባል ሕግ አለ፤ ሐይቁ ዳር ግን በየማለዳው የሚፈርደው የገዢው እጅ ነው።

ይህን አጥብቄ የያዝኩት በአንድ መጋቢት ማለዳ ካየሁት ነገር በኋላ ነው። ያን ጊዜ ወቅቱን ገና አላወቅሁም ነበር። አንዲት ቆሮሶ አንሥቼ ስንጥቧን ለማየት አፏን ስከፍት ምላሷ ላይ፣ ጉሮሮዋም ውስጥ ድረስ፣ የማሽላ ፍሬ የሚያክል ቢጫ እንቁላል ተደርድሯል። አንዳንዱ ውስጥ ሁለት ጥቁር ነጥብ ይታያል፤ ዓይኑ ነው። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ታቅፋ ነው የምትፈለፍለው። ልጆቿ ከወጡም በኋላ አደጋ ሲመጣ አፏን ትከፍትላቸዋለች፣ ተመልሰው ይገባሉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ምግብ አትቀምስም ማለት ይቻላል። አብዛኞቹ መረብ ሲይዛቸው ይተፉታል፤ ይህች ግን እንደያዘች ሞታለች።

"መልሳት፣ ልጄ" አልኩት ዓሣ አጥማጁን ልጅ።

"ሞታለች እኮ፣ አዴ። ለማን ልመልሳት?" አለኝ። እሱም እጄ ላይ ያለውን እያየ ከፍቶታል። ከጎኑ የነበረው ታላቁ "ቦሩ ገነማ ኮታ" አለኝ፤ ነገ ጠዋት ይምጡ ማለቱ ነው፣ ትልልቁን መርጠን እናቆይልዎታለን አለ። በማግስቱ ሄጄ ገዛኋቸው፣ እስከ ዛሬም ደንበኛቸው ነኝ። ሙቀቱና ዝናቡ በሚገናኙበት በዚያ ወቅት ግን ቆሮሶ መግዛት ትቻለሁ። ለምግብም ቢሆን አይረባም፤ ጭንቅላቷ ትልቅ፣ አካሏ የከሳ ሆና ነው የምትገኘው።

የገዛሁትን እዚያው እንዲከፈትልኝ አደርጋለሁ። ሆድ ዕቃ ያለበት ዓሣ መንገድ ላይ የሚበላሸው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። የሚከፍተው ልጅ ቢላውን ከታች ከክንፉ ሥር አስገብቶ ወደ ጭንቅላቱ ሲሰነጥቅ ጫፉን ብቻ እንዲያስገባ እለምነዋለሁ፤ ከጉበቱ ጋር የተጣበቀች አረንጓዴ ሐሞት አለች፣ ከፈሰሰች በዚያ በኩል ያለው ሥጋ ሁሉ መራራ ይሆናል። ፈስሳ ከተገኘች ወዲያው በብዙ ውሃ ማጠብና አረንጓዴ የነካውን ቆርጦ መጣል ነው፤ በሎሚ አይለቅም። ስንጥቡም እዚያው ይውጣ። ሁለቱንም ጎን በእጅ ይዞ መንቀል ነው፣ ቀላል ነው። ሆድ ዕቃው ውስጥ ቀጭን ትል ብታዩ አትደንግጡ፤ በአገራችን ሐይቆች ዓሣ ላይ ያጋጥማል፣ ከሆድ ዕቃው ጋር ይወጣል፣ በደንብ የበሰለ ዓሣም ሰው አይጎዳም። ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የሚወዱ ዘመዶች አሉኝ፤ እኔ ግን በዚህ ምክንያት ለልጆቼ አልሰጥም።

ከዚያ ወደ ባልዲው። ሁለቱ የረጉ ሃይላንዶች ከታች፣ ማዳበሪያው ተነክሮና ተጨምቆ በላያቸው፣ ዓሣው ሆዱ ወደ ታች ሆኖ በማዳበሪያው ላይ። ዓሣው ውሃ ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ ውሃ ውስጥ የቆየ ዓሣ ጣዕሙ ይሟሟል። በፌስታል አፉን ቋጥሮ መያዝ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነው፤ እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ እንደዚያ አድርጌ ሐረር ስደርስ ፌስታሉ ውስጥ ላብ ሞልቶ ዓሣው ለብ ብሎ አገኘሁት።

በመንገዴ አትክልቱን እዚያው ሐሮማያ እገዛለሁ። ድንቹና ካሮቱ አፈሩን እንደያዘ ነው የሚሸጠው፣ ሐረር ከሚደርሰው ይሻላል። ቤት ስገባ ጀጎል ውስጥ ጊድር መጋላ በሚባለው ገበያ በኩል ማለፍ ካለብኝ ክዳኑን በእጄ ጫን አድርጌ ነው የምሄደው። ሐረርን የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ያውቃል። ሥጋ ቤቶቹ ጣሪያ ላይ ጭላት ተሰልፎ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ለጎረቤት ላሳይ ብዬ አንዱን ዓሣ በጅራቱ አውጥቼ ብይዝ ክንፉ ጉንጬን መታኝ፤ እጄ ላይ የቀረው ጅራቱ ብቻ ነበር። ሕፃን ልጅ ዓሣ ይዞ እንዲሄድ እዚያ ሰፈር አትላኩ፤ ጥፍሩ ይቧጭራል።

ቤት ውስጥ ቅርፊቱን በቢላ ጀርባ ከጅራት ወደ ጭንቅላት እፍቃለሁ። ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ ዓሣውን ከውሃው በታች ይዤ ስፍቀው ቅርፊቱ ማድ ቤቱ ውስጥ አይበተንም። ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘላት ሥራ አለች። የሆዱን ውስጥ ስትመለከቱ ጥቁር ስስ ሽፋን አለ። እሱን በሻካራ ጨርቅና በጨው እያሻችሁ ነጭ ሥጋ እስኪታይ አንሡት። ከአከርካሪው ሥር በኩል ያለውንም የረጋ ደም በጥፍራችሁ ወይም በማንኪያ ጫፍ ፋቁት። መራራውና የጭቃው ጣዕም ብዙው ያለው እዚህ ነው። እኔ ይህን ከማወቄ በፊት ግማሽ ደርዘን ሎሚ እጨርስ ነበር፣ ጣዕሙ ግን አይሄድም።

ሎሚ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ሆምጣጣ ነገር ያንን የጭቃ ጣዕም ያፈርሰዋል። አንድ እፍኝ ጨው፣ የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ዓሣው ላይ በደንብ አሽቶ ሃያ ደቂቃ ማስቀመጥ፣ ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ። ከዚያ በላይ አይቆይ፤ ሎሚው ሥጋውን ማብሰል ይጀምርና ነጣ ብሎ ይጠነክራል፣ ሲጠበስም ይደርቃል።

ለጥብስ ዓሣውን ሙሉውን ነው የምወደው። በሁለቱም ጎኑ በሁለት ጣት ርቀት እስከ አጥንቱ ድረስ ጭረት አወጣለታለሁ። ዘይቱ ወደ ውስጥ የሚገባው በዚያ ነው፤ ቀጫጭኑንም እሾህ አብስሎ የሚያንኮሻኩሸው እሱ ነው። ጭረቱ ውስጥ የተደቆሰ ነጭ ሽንኩርት፣ ጨው፣ ትንሽ እርድና ከሙን አገባበታለሁ። ከዚያ ማድረቅ። ይህን ስል አንዴ ጠረግ ማድረግ ማለቴ አይደለም፤ በንጹሕ ጨርቅ ውጩንም ውስጡንም አድርቄ፣ ወንፊት ላይ አጋድሜ መስኮት አጠገብ ግማሽ ሰዓት እተወዋለሁ። የብርዱ ወራት የሐረር አየር ደረቅ ነው፣ ቆዳውን ወረቀት ያስመስለዋል። እርጥብ ዓሣ መጥበሻው ላይ ይጣበቃል፣ ይፈነጥቃል፣ ተጠበሰ ሳይሆን ተቀቀለ ነው የሚባለው። ሊገባ ሲል ብቻ ዱቄት ነካ ነካ አድርጌ አራግፈዋለሁ።

ዘይቱ የዓሣውን ግማሽ የሚሸፍን ይሁን። መሞቁን የማውቀው የእንጨት ማማሰያ ጫፉን ስነክርበት ዙሪያውን ቶሎ ቶሎ አረፋ ሲያወጣ ነው። ዓሣው ከገባ በኋላ አትንኩት። አምስት ስድስት ደቂቃ ሲሞላው ጠርዙ ወርቃማ ይሆንና ራሱ ከመጥበሻው ይላቀቃል፤ ካልተላቀቀ ገና ነው ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ይገለበጣል። መብሰሉን ከጭንቅላቱ ኋላ ባለው ወፍራም ቦታ ላይ ሹካ አስገብታችሁ እዩ፤ ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ በቀላሉ ከለቀቀ ይበቃዋል። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ዓሣ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በላይ አይፈልግም። ዳቦና ዳጣ፣ የተቆረጠ ሎሚና ቃሪያ ጎን ለጎን። ሌላ ነገር የሚጨምር ሰው ዓሣውን አልወደደውም።

ወጡን ያስተማሩኝ ግድግዳ የምንጋራቸው ሐረሪ እናት ናቸው። አንድ ቀን ስጠብስ ሽታው ደርሷቸው በር አንኳክተው ገቡና "ልጄ፣ ዓሣ ሁመር ካላገኘ ያዝናል" አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ከቤታቸው ሁመር የሚባለውን ሆምጣጣ ፍሬ አምጥተው አሳዩኝ። የእንቁላል አስኳል የምታክል ሁመር በአንድ ስኒ ለብ ያለ ውሃ ተዘፍዝፎ በእጅ ይፈተጋል፣ ፍሬውና ጭረቱ በወንፊት ይወጣል። ሁለት ራስ ቀይ ሽንኩርት በዘይት ቀስ ብሎ እስኪለሰልስ ይቁላላል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እርድ፣ ከሙን፣ የተፈጨ ድንብላል፣ ሁለት የበሰለ ቲማቲም። ድንች የሚገባ ከሆነ ቀድሞ ይግባ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ድንቹ ከቆላው ሰው ድንች ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ዓሣው ደግሞ አይጠብቀውም። ድንቹ ሹካ ሲያስገባ የሁመሩ ውሃ ይጨመርና፣ አንዴ ሲንተከተክ በወፍራሙ የተቆረጠው ዓሣ ከነአጥንቱ ይደረደርበታል። ከዚያ በኋላ ማማሰያ አይገባም። እሳቸው ድስቱን በሁለት ጆሮው ይዘው ሁለት ጊዜ ወዘወዝ ያደርጉታል፣ በቃ። እሳቱ ለስለስ ብሎ አሥር ደቂቃ።

ከዚያ በፊት ከጠዋት የዘፈዘፉት አብሽ ነበራቸው። የተፈጨውን አብሽ ብዙ ውሃ አፍስሰውበት ነበር የተውት፤ መራራው ውሃ ከላይ ሲንሳፈፍ ቀስ ብለው ደፉትና የቀረውን ዝልግልግ ነገር በእጃቸው መምታት ጀመሩ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ፣ በአራት ጣታቸው፣ ሳያቋርጡ። መጀመሪያ ቢጫ ነበር፤ ቆይቶ ገረጣ፣ ከዚያ ነጣ፣ በመጨረሻ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ ሆኖ ሳህኑን ሞላው። ትንሽ ሎሚ ጠብ አደረጉበት፣ ጨው፣ የተደቆሰ ቃሪያ። ድስቱ ከእሳት ሲወርድ በላዩ ላይ አፈሰሱትና ከደኑት። እኔ በሹካ ሞክሬዋለሁ፣ በማሽንም ሞክሬዋለሁ፤ የእሳቸውን ያህል አይነጣልኝም። በእጅ ነው የሚሻለው። ይህን ወጥ በእንጀራም በሩዝም በሉት፣ ሁለቱንም ይችላል። የሚተርፈው በማግስቱ ሁመሩ ስለሚገባበት ይጣፍጣል፤ ከዚያ በላይ ግን አታሳድሩት።

ጭንቅላቱንና አጥንቱን በቀዝቃዛ ውሃ ጥጄ፣ ሽንኩርትና ካሮት፣ ጥቂት ቁንዶ በርበሬ ጨምሬ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ አንተከትከዋለሁ። ብዙ ሰው እንደ በሬ አጥንት ግማሽ ቀን ያፈላዋል፣ ያኔ ሾርባው ይደፈርሳል፣ ሙጫ ሙጫ ይላል። ስንጥቡ መውጣቱን ደግሜ አረጋግጣለሁ፤ አንድ የተረሳ ስንጥብ ድስቱን ሙሉ መራራ ያደርገዋል። ጭንቅላቶቹን ቀደም ብዬ አወጣና ሾርባውን አጠላለሁ። ከበላን በኋላ የቀረውን አጥንት በዚያው ቀን ከቤት አስወጣለሁ፤ ሌሊት ጅብ ሽታ ተከትሎ በር ድረስ ይመጣል።

በጾሙ ወራት ሁለት ሦስት ጭንቅላት አጽድቼ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ በረዶ ሥጋውን እንጂ ሾርባውን ብዙ አይጎዳውም። ገና ካለፈ በኋላ ባለው እሑድ ለእናቴ እሠራላታለሁ። ሾርባውን ጠጥታ ስትጨርስ ጭንቅላቱን ሳህኗ ላይ ታገላብጠዋለች፣ ከዓይኑ ሥር በአውራ ጣቷ ጫን ትለዋለች፣ ያቺ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ነጭ ሥጋ ፈልቀቅ ብላ ትወጣለች። የመጀመሪያዋን ለእኔ ታጎርሰኛለች።